ከበረዶ ላይ ወደ አልጋ ዳር፦ ለአስታማሚዎች የተዘጋጀ የአንድ ቀን የጽናት ሥልጠና እንዴት ነበር?

አስታማሚ ነኝ። ራሳቸውን ችለው መነሣት፣ መታጠብና መልበስ የማይችሉ አረጋውያን በሚኖሩበት ቤት ስሠራ 11 ዓመት ሆኖኛል። ካለፉት 4 ዓመታት ወዲህ አብዛኛው ፈረቃዬ የሌሊት ነው። በቅርቡ አሠሪዬ ለእንክብካቤ ሠራተኞች ወደተዘጋጀ የአንድ ቀን ሥልጠና ላከኝ። የምታሠለጥነን ሴት ውቅያኖስ በመቅዘፊያ ጀልባ ያቋረጠች፣ በረዶ ላይ ሸርተቴ እየጎተተች ለሳምንታት የተጓዘች ናት። ማስታወቂያው ከረጅም የጀብዱ ጉዞ የተቀዳ ጽናትና ድፍረት ይሰጣል ይላል። እንዲህ ያለ ሥልጠና ለመውሰድ የምታስቡ ባልደረቦቼ፣ ሠራተኞቻችሁን ለመላክ የምታስቡ ኃላፊዎችም ካላችሁ፣ ያየሁትን ሳልደብቅ ልንገራችሁ። የአዘጋጆቹን ስም አልጠቅስም፤ የማወራው ስለ ይዘቱ ነው። ከ5 ኮከብ 4 ሰጥቼዋለሁ። አንዱን ለምን እንደያዝኩት ስትደርሱበት ታዩታላችሁ።

በምን ሁኔታ እንደሄድኩ ካልነገርኳችሁ ግምገማዬ ጎዶሎ ይሆናል። ከሥልጠናው በፊት በነበረው ወር የማስታምማቸው ሦስት ሰዎች ዐርፈዋል። ሦስተኛዋ እናት ያረፉት በእኔ ፈረቃ፣ እጃቸውን ይዤ ነው። ገላቸውን አጥቤ፣ ፀጉራቸውን አበጥሬ፣ አንሶላውን አስተካክዬ ስወጣ ምንም አልተሰማኝም። ሐዘኑም የለ፣ ድካሙም የለ፤ ደረቴ ውስጥ ባዶ ቤት ያለ መሰለኝ። ከዚያ ወዲህ ወደ ሥራ ስመጣ መግቢያው በር ጋ ደርሼ፣ እጀታውን ሳልነካ የምቆምባቸው ደቂቃዎች እየረዘሙ ሄዱ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ከሥራ የሚመጣ መዛልን በዓለም አቀፉ የበሽታዎች ምደባ ላይ ሲያሰፍረው፣ በሽታ ሳይሆን የሥራ ቦታ ክስተት ነው ብሎ ሦስት ምልክቶች ሰጥቶታል። ጉልበት ያልቃል፣ ልብ ከሥራው ይሸሻል፣ ሰው የሚሠራው ሥራ ፍሬ የሌለው ይመስለዋል። የእኔ ልብ ሸሽቶ ነበር። ስም እንዳለው አውቅ ነበር፤ እኔ ላይ መድረሱን ግን አላወቅሁም።

አሰልጣኟ ጠዋቱን የከፈተችው ስለ አፍንጫ በማውራት ነው። ብርድ ሲጠና ቆዳ መጀመሪያ ያቃጥላል፣ ይወጋል፤ ቀጥሎ ይደነዝዛል። ሕመሙ ስለሚጠፋ ሰውየው የተሻለው ይመስለዋል። አደጋው ያን ጊዜ ነው፤ ቆዳው ገርጥቶ ሰም ይመስላል፣ ቶሎ ካልተሞቀም ሥጋው ይሞታል። የራሱን አፍንጫና ጉንጭ ማየት የሚችል ሰው ደግሞ የለም። ስለዚህ በረዶ ላይ አብረው የሚጓዙ ሰዎች በየጊዜው ቆም ይሉና ፊት ለፊት ይተያያሉ። አንዱ «ጉንጭህ ገርጥቷል» ካለ ሌላው አይከራከርም። እዚያው ቆሞ በእጁ ያሞቀዋል።

ይህን ስትናገር ዓይኔ እንባ ሞላ። ከአጠገቤ የተቀመጠች የማላውቃት ነርስ ሳትናገር መሐረብ አቀበለችኝ። በ11 ዓመት ውስጥ ስለ ራስ እንክብካቤ የወሰድኳቸው ሥልጠናዎች ሁሉ «ራስሽን አዳምጪ» ብለውኛል። የደነዘዘ ሰው ራሱን ቢያዳምጥ የሚሰማው ዝምታ ብቻ መሆኑን የነገረኝ ግን አልነበረም። ፊቴን የሚያይልኝ ሌላ ሰው ያስፈልገኛል፤ ያ ሰው ሲነግረኝም ላልከራከር መስማማት አለብኝ። ከሥልጠናው አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ ውጡ ብባል ይህንን ነው የምይዘው።

ከዚያ ሁለት ሁለት ሆነን ተለማመድነው። ከፈረቃ ርክክብ በፊት አንድ ደቂቃ ብቻ፣ ተቀምጠን ሳይሆን ቆመን፣ እንጠያየቃለን። ስንት ሰዓት ተኛሽ? ዛሬ መግባት የከበደሽ ክፍል የማን ነው? ፊትሽ ላይ የማየውን ልንገርሽ? ሦስተኛው ጥያቄ ይከብዳል። «ደኅና ነሽ?» ሲባል «ደኅና» ብሎ ማለፍ ይቻላል፤ «ፊትሽ ላይ የማየው ይህ ነው» ለሚል ሰው ግን የሚሸሹበት መንገድ የለም።

በቋንቋችን «ቻይ» የምንለው ሰው አለ። አንጀቱን አስሮ የሚኖር፣ የማያጉረመርም፣ ቢበድሉት ዝም የሚል። እኛ ሴት አስታማሚዎች በተለይ በዚህ ቃል ስንመሰገን አድገናል፤ እኔም ስመሰገንበት ደስ ይለኝ ነበር። ሥልጠናው ስለ ጽናት ነው ሲባል ይበልጥ ቻይ ሊያደርጉን ነው ብዬ ሰግቼ ነበር። አሰልጣኟ የገለጸችው ጽናት ሌላ ሆኖ አገኘሁት። በእርሷ ዓለም እግሩ መላጡን ያልተናገረ ተጓዥ ጎበዝ አይባልም፤ ነገ መራመድ ሲያቅተው ሸክሙ ለጓደኞቹ ስለሚተርፍ፣ ለቡድኑ አደገኛ ሰው ነው። ጫማ ውስጥ የገባች ጠጠር ወዲያው ካልወጣች ማታ ቁስል ትሆናለች፤ ስለዚህ ማንም ሳይሳቀቅ «ቁሙልኝ» ይላል። እኛ ቤት ወገቧ እየወጋት ለወራት ዝም ያለች ባልደረባ ነበረችኝ፤ ዛሬ ይህን ሥራ መሥራት አትችልም። ቻይ ነበረች።

ሁለተኛው ትምህርት መንገዱን መቆራረስ ነው። ውቅያኖስ የሚቀዝፉ ጥንዶች አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ሰዓት ቀዝፈው ሁለት ሰዓት ያርፋሉ፤ ቀንም ሌሊትም፣ ለሳምንታት። አሰልጣኟ ስለ ማዶው ካሰበች ክንዷ እንደሚዝል፣ ስለ ቀጣዩ ሁለት ሰዓት ብቻ ካሰበች ግን መቅዘፍ እንደምትችል ነገረችን። ይህን ወደ ሌሊት ፈረቃዬ ወስጄዋለሁ፤ ይሠራል። ሲመሽ 12 ሰዓት ሙሉ ከፊቴ ተዘርግቶ ሲታየኝ ገና ሳልጀምር እደክም ነበር። አሁን የማስበው ከበር እስከ በር ነው። ይህን በር ከፍቼ፣ እኚህን አባት ገልብጬ አስተኝቼ፣ ተረከዛቸውን አይቼ፣ ውኃ አቅምሼ እወጣለሁ። ከዚያ የሚቀጥለው በር።

እዚህ ላይ ግን አሰልጣኟ ያላነሣችው አደጋ አለ። በረዶ ላይ አንድ ኪሎ ሜትር ታልፎ ሲሄድ አይከፋውም። ሰው ግን ይከፋዋል። ከበር እስከ በር የምትሄድ አስታማሚ ሳታውቀው ሰዎቹን ወደ ኪሎ ሜትር ልትለውጣቸው ትችላለች። የመርሳት በሽታ ያለባቸው ሰው ደግሞ ቃሉ ቢጠፋቸውም ጥድፊያን ከእጅ አነካክ ያውቁታል፤ ሰውነታቸው ይጠነክራል፣ ክንዳቸውን ይሰበስባሉ፣ አንዳንዴም ይመታሉ። እኔ ራሴ ላይ ያየሁት ነው። ስለዚህ ዘዴውን በራሴ መንገድ አስተካክዬዋለሁ፤ በሩን ከፍቼ ስገባ መጀመሪያ አልጋው ዳር ቆሜ ስማቸውን እጠራለሁ፣ ዓይናቸው እስኪያገኘኝ እጠብቃለሁ፣ ከዚያ እጄን እዘረጋለሁ። ጊዜ ይወስዳል? ከምትታገሉት ጊዜ ያንሳል።

በሥልጠናው ላይ አስታማሚ ሠራተኞች ብቻ አልነበርንም። ከ19ኛችን አንዱ ሚስታቸውን ቤት ውስጥ የሚያስታምሙ፣ ጸጥ ያሉ ሰው ነበሩ። ከምሳ በፊት እጃቸውን አውጥተው «እርስዎ ማዶ እንዳለ ያውቃሉ። ጉዞው ያልቃል፤ ሲያልቅም ደስ ይላል። የእኔ ጉዞ የሚያልቀው እርሷ ስትሄድ ነው። እንዲያልቅ ልመኝ?» አሉ። ክፍሉ ውስጥ የሚተነፍስ አልነበረም። አሰልጣኟ ቶሎ መልስ አልሰጠችም። ትንሽ ቆይታ «ለዚህ ልምዴ ውስጥ መልስ የለኝም» አለች። ስለዚህ መልሷ አከበርኳት። ልምዱ የሌላትን ነገር እንዳላት አድርጋ ብትናገር ኖሮ ቀኑ እዚያው ያልቅ ነበር። ቀጥላ ግን አንድ ነገር ጠየቀቻቸው፤ «ሁለተኛውን መቅዘፊያ የያዘው ማነው?» እርሳቸውም «ማንም» አሉ። «እኔ ብቻዬን ብሆን ሌሊቱን ሁሉ ልቀዝፍ አልችልም ነበር፤ ማንም አይችልም» አለቻቸው። ከዚያ በኋላ ስለ ማዶው ሳይሆን በሳምንት ሁለት ከሰዓት የሚተካቸው ሰው ከየት እንደሚገኝ ነው ያወራነው። ከእኛ መካከል ሁለቱ እንዲህ ያለ ምትክ አገልግሎት እንዴት እንደሚጠየቅ ያውቁ ስለነበር ስልክ ተቀያየሩ።

አሁን ኮከቡን ወደያዝኩበት ቦታ ልምጣ።

ትልቁ ክፍል አንታርክቲካን ከዳር እስከ ዳር ሊያቋርጥ የተነሣው አሳሽ፣ የኧርነስት ሻክልተን ታሪክ ነበር። የጽናት ሥልጠና የወሰደ ሰው ሳይሰማው አይቀርም። ኢንዱራንስ የተባለችው መርከብ፣ ስሟ ራሱ ጽናት ማለት ነው፣ 28 ሰዎች ይዛ በ1915 መጀመሪያ በአንታርክቲካ ዌዴል ባሕር በበረዶ ተያዘች። በረዶው ጨፍልቋት በዚያው ዓመት በኖቬምበር ሰመጠች። ሰዎቹ በተንሳፋፊ በረዶ ላይ ለወራት ሰፍረው ቆይተው በኤፕሪል 1916 በሦስት ትንንሽ ጀልባዎች ኤሌፋንት ደሴት ላይ ወጡ። ከዚያ ሻክልተንና አምስት ሰዎች በአንዷ ጀልባ 1,300 ኪሎ ሜትር ገደማ ማዕበል አቋርጠው ደቡብ ጆርጂያ ደረሱ፤ ከስድስቱ ሦስቱ ደግሞ ካርታ የሌለውን ተራራ በ36 ሰዓት ያህል ተሻግረው ወደ ዓሣ ነባሪ አዳኞች ጣቢያ ገቡ። ሦስት ጊዜ ሞክረው በረዶ ከመለሳቸው በኋላ፣ በአራተኛው፣ ሉዊስ ፓርዶ የሚመራት የልቾ የተባለች የቺሊ መርከብ ኦገስት 30 ቀን 1916 ደሴቱ ላይ የቀሩትን 22 ሰዎች አወጣች።

አሰልጣኟ የጀልባዋን ጉዞ አሳምራ ተረከችው። መጨረሻ ላይ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ከ28ቱ አንድም ሰው አልሞተም» አለች። ጭብጨባ የጠበቀች ይመስለኛል፤ እኛ ግን ዝም አልን።

እኛ ጋ ሰው ይሞታል። በደንብ ብንሠራም ይሞታል፤ አንዳንዴም የሥራችን ከፍታ ሰውየው ሳይጨነቅ፣ ንጹሕ ሆኖ፣ እጁን የያዘው ሰው ሳያጣ እንዲያርፍ ማድረግ ነው። የጽናት መለኪያ «ማንም አልሞተም» ከሆነ፣ እዚያ ክፍል ውስጥ የተቀመጥነው ሁላችን በየወሩ ተሸናፊዎች ነን። ይህን በእረፍት ሰዓት ነገርኳት። አዳመጠችኝ፤ ነገር ግን ከሰዓት በኋላ ያንኑ ዓረፍተ ነገር ደገመችው።

በዚያው ሳምንት በእረፍት ቀኔ ስለ እነዚህ ሰዎች ሳነብ ዋልኩ። ለእኛ የሚሆነው ታሪክ ከጀልባዋ ላይ እንደሌለ ያወቅሁት ያን ቀን ነው። ያለው ከኋላ በቀሩት ዘንድ ነው። ኤሌፋንት ደሴት ላይ የቀሩት 22 ሰዎች ሁለት ጀልባ ገልብጠው፣ በድንጋይ ካብ ላይ አስቀምጠው፣ ከሥሩ ከአራት ወር በላይ ኖሩ። ኃላፊያቸው ፍራንክ ዋይልድ ነበር። ፐርስ ብላክቦሮ የሚባለው ወጣት የግራ እግሩ ጣቶች በብርድ ሞተው ስለነበር፣ በጁን ወር ሐኪሞቹ ማኪልሮይና ማክሊን እዚያው በጀልባዎቹ ሥር አምስቱንም ቆረጡለት። ማደንዘዣው ክሎሮፎርም በብርድ ስለማይተን ጎጆዋን ለማሞቅ የፔንግዊን ቆዳ አነደዱ። ልቡ የተሰበረ ሰውም ነበር፤ ከመኝታው ለመነሣት ፈቃደኛ ያልሆነ። ሊዮናርድ ሃሲ ባንጆ የሚባል ባለ ክር የሙዚቃ መሣሪያ ይጫወትላቸው ነበር፤ መርከቧን ሲለቁ እያንዳንዱ ሰው ከ1 ኪሎ የማይበልጥ የግል ዕቃ ብቻ እንዲይዝ በታዘዘ ጊዜ ሻክልተን ባንጆው እንዳይጣል ብሎ ያስያዘው ነው። ዋይልድ ደግሞ በየማለዳው የመኝታ ከረጢታቸውን ጠቅልለው እንዲነሡ ያዛቸዋል፤ አለቃው ዛሬ ሊመጣ ይችላልና። መርከብ መምጣቷን ሳያውቅ በየቀኑ ይህን ይል ነበር።

ይህን ሳነብ ቤታችን ታየኝ። ጠዋት መጋረጃ ከፍቼ «እንደምን አደሩ፣ ዛሬ ሰማዩ ጥርት ብሏል፣ ይነሡ እንልበስ» የምላቸው ሰዎች ታዩኝ። የኤሌፋንት ደሴት ሥራ የአስታማሚ ሥራ ነው። አንሶላ፣ ቁስል፣ ዘፈን፣ የማይነሣን ሰው ማስነሣት። ከሥልጠናው አዘጋጆች መካከል አንድ አስታማሚ ቢኖር ኖሮ ታሪኩ የሚተረከው ከዚህ በኩል ነበር።

ያነበብኩት በዚህ አላበቃም። «አንድም ሰው አልሞተም» የሚባለው የዌዴል ባሕር ቡድን ብቻ ሲቆጠር ነው። ሻክልተን አህጉሩን አቋርጦ ሲመጣ ስንቅ እንዲያገኝ ከማዶ፣ ከሮስ ባሕር በኩል፣ ሌላ ቡድን ስንቅ እያኖረ ነበር። መርከቧ መስመጧን ሳያውቁ ለማይመጣ ሰው ስንቅ ተሸክመው አኖሩ፤ ከእነርሱም ሦስቱ፣ ስፔንሰር-ስሚዝ፣ ማኪንቶሽና ሄይዋርድ፣ በዚያው ሞቱ። ስፔንሰር-ስሚዝ በቫይታሚን ሲ እጥረት በሽታ መራመድ ሲያቅተው ጓደኞቹ ሸርተቴ ላይ አስተኝተው ለሳምንታት ጎተቱት። ማዕበሉ ጉዞ ሲከለክላቸውና ስንቃቸው ሲያልቅ ሦስቱ ወደሚቀጥለው የስንቅ ቦታ ሲሄዱ፣ አንዱ ከሁለቱ ሕሙማን ጋር ድንኳን ውስጥ ቀረ። እያስታመማቸው ጠበቀ። ስሙ ኧርነስት ዋይልድ ነው፤ የፍራንክ ዋይልድ ወንድም።

ሁለት ወንድማማቾች ናቸው። በዚያው ዓመት፣ በአንዱ አህጉር ሁለት ዳርቻ፣ አንዱ የሌላውን ሳያውቅ፣ ሁለቱም መራመድ የማይችሉ ሰዎች ዘንድ ቀሩ። ፍራንክ ሁሉንም አተረፈ። ኧርነስት ያስታመመው ስፔንሰር-ስሚዝ ግን ወደ መጠለያ ጎጇቸው ሊደርሱ ጥቂት ሲቀር ሸርተቴው ላይ ዐረፈ። የማን ሥራ በለጠ ብሎ የሚጠይቅ አስታማሚ ያለ አይመስለኝም። ኧርነስት ዋይልድ ከሦስት ጓደኞቹ ጋር ለዚህ ሥራ የሰው ሕይወት ላዳኑ ይሰጥ የነበረውን የብሪታንያ የአልበርት ሜዳሊያ ተሸልሟል፤ እርሱ ግን በ1918 ስለሞተ ሽልማቱን አላየውም። በዚያ ሥልጠና ላይ ስሙ ቢነሣ ኖሮ ያ ዝምታ አይኖርም ነበር። ሦስተኛዋን እናት ያጠብኩበት ሌሊት ምን ሥራ እንደሠራሁ እኔም ይገባኝ ነበር።

ስለ ድፍረት የነበረው ክፍል ግን በጣም ጥሩ ነበር፤ እዚህ ላይ አሰልጣኟን ከልቤ አመሰግናታለሁ። ድፍረትን ያስተማረችን በመመለስ ነው። ሻክልተን ከዚያ በፊት በነበረው ጉዞው፣ ጃንዋሪ 9 ቀን 1909፣ ከሦስት ጓደኞቹ ጋር ከደቡብ ዋልታ 180 ኪሎ ሜትር ያህል ሲቀረው ተመለሰ። ማንም እዚያ ድረስ አልሄደም ነበር። ቢቀጥል ዋልታውን ሊረግጥ ይችላል፤ ለመመለሻ የሚሆን ስንቅ ግን አይኖረውም። ለሚስቱም ከሞተ አንበሳ ሕያው አህያ ይሻላል ማለቱ ይነገራል። ቀጥላም የሁለት የዋልታ ተጓዦችን፣ የቤን ሳንደርስና የታርካ ለርፒኒየርን ነገር አነሣች። በ2013 እና በ2014 መካከል ወደ 2,900 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መንገድ፣ ከባሕር ዳርቻ እስከ ዋልታና ወደ ኋላ፣ በ105 ቀን ሄደዋል። ሐሳባቸው ያለማንም ርዳታ መጨረስ ነበር። ሲመለሱ ግን ስንቃቸው ሳሳ፣ ሰውነታቸው ከዳ፤ ደውለው ስንቅ በአውሮፕላን አስመጡ። ለዓመታት ያለሙት «ያለ ርዳታ» የሚለው ቃል በዚያ ጥሪ ቀረ። እነርሱም በሕይወት ተመለሱ።

ተራራ የሚወጡ ሰዎች ጠዋት ገና አእምሯቸው ንጹሕ ሳለ የመመለሻ ሰዓት ይቆርጣሉ። ሰዓቱ ሲደርስ ጫፉ ቢታያቸውም ይመለሳሉ። ሰዓቱን አስቀድመው የሚቆርጡት የደከመ አእምሮ በደንብ እንደማይፈርድ ስለሚያውቁ ነው። ይህ ለሌሊት ሠራተኛ አዲስ ነገር አይደለም። ለ17 እስከ 19 ሰዓት ሳይተኛ የቆየ ሰው፣ በደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል እንዳለበት ሰው እንደሚዘገይና እንደሚሳሳት በጥናት ታይቷል። በዚያ ሰዓት ግን መድኃኒት እንሰጣለን፣ ሰው እናነሣለን።

ከሥልጠናው በኋላ የፈረቃ ጓደኛዬና እኔ የራሳችንን የመመለሻ ሰዓት ቆረጥን። ሁለት ሰው የሚያስፈልገውን ማንሣት፣ ደወሉ የቱንም ያህል ቢጮህ፣ አንዳችን ብቻችንን አናደርገውም። መታጠብ እምቢ ያሉን ሰው ዘንድ ሁለት ጊዜ ከጠየቅን በኋላ ወጥተን 20 ደቂቃ ቆይተን እንመለሳለን፤ ትግል የለም። ሦስተኛው ከባዱ ነበር፤ የሠራተኛው ቁጥር ከሚያስፈልገው በታች ሲሆን «እንደ ምንም እንወጣዋለን» ሳንል ተረኛውን ኃላፊ እንቀሰቅሳለን።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ፈተናው መጣ። አንዷ ባልደረባችን ታማ ቀርታ ለ26 ሰዎች ሁለት ብቻ ሆንን። ድሮ ብሆን ወገቤን ጠበቅ አድርጌ እገባበት ነበር። ስልኩን አንሥቼ እስክደውል እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ እውነቴን ነው፣ የሚሞት ሰው አጠገብ ተቀምጬ እንዲህ አልተንቀጠቀጥኩም። «ሁለት ነን። ሁለት ሆነን ሁሉንም በደኅና ማሳደር አንችልም። ይህን አሁን የምነግርዎት አንድ ሰው ወድቆ ከመገኘቱ በፊት ነው» አልኩ። በመጀመሪያ የሰማሁት ቁጣ ነበር። ከአንድ ሰዓት ተኩል በኋላ ሦስተኛ ሰው መጣ።

ከሰዓት በኋላ የነበረው የእግር ጉዞ ግን ቢቀር ይሻላል። ጀርባችን ላይ ከረጢት አሸክመውን ሁለት ሰዓት ዳገት አስወጡን፤ የጀብዱ ጣዕም እንድናገኝ መሆኑ ገብቶኛል። የምንሠራው ሥራ ግን ሰው ማንሣት ነው፤ ከመካከላችን ወገቡን የማያመው ጥቂት ነው። አስቀድሞ የጠየቀን የለም። ሦስት ሴቶች መሄድ አቅቷቸው አዳራሹ ውስጥ ቀሩ፤ ጠጠር በጫማ ውስጥ ስላለ «ቁሙልኝ» ማለትን ጠዋት ባስተማሩበት ቀን ቁሙልኝ ያሉትን ትቶ መሄድ አሳዝኖኛል። ለአራት ሳምንት በስልክ እንከታተላችኋለን የተባለውም ከሁለተኛው ሳምንት በኋላ ተቋርጧል። የተሰጠን ደብተር ጥሩ ነው፣ አጭር ነው፣ ኪስ ውስጥ ይገባል።

ለኃላፊዎች አንድ ቃል አለኝ። ሠራተኛ ሲበቃው ወደ ሥልጠና ልኮ በዚያው የሰው ቁጥር መመለስ አይሠራም። የትኛውም ተጓዥ ጽናት አለኝ ብሎ ስንቅ ቀንሶ አይነሣም፤ የጉዞው ግማሽ የሚሠራው ከመነሣት በፊት፣ ስንቅ በመቁጠርና ተተኪ በማዘጋጀት ነው። እናንተ ራሳችሁ ከሠራተኞቻችሁ ጋር አብራችሁ ብትወስዱት ከሁሉ ይሻላል፤ ስልኩ ሌሊት ሲደውል ለምን እንደተደወለ ይገባችኋል። ቤታቸው የሚያስታምሙ ሰዎችም ይሂዱ፤ ለእነርሱ ግን በዚያ ቀን በሽተኛው ዘንድ የሚቀር ሰው አዘጋጁላቸው። እኚያ አባት የመጡት ጎረቤት ለምነው ነው፤ በየሰዓቱም ወጥተው ይደውሉ ነበር።

እኔ አሁንም የሌሊት ፈረቃ ላይ ነኝ። በሩ ጋ አንዳንድ ቀን እቆማለሁ፣ ግን አጭር ነው። ባለፈው ማክሰኞ፣ ሊነጋ ሲል፣ አንሶላ ተሸክሜ በኮሪደሩ ስሄድ የፈረቃ ጓደኛዬ ከፊት ለፊቴ መጥታ ቆመች። መብራቱ ሥር ፊቴን ትክ ብላ አየችው። «ገርጥተሻል» አለችኝ። ገና ሁለት ክፍል እንደቀረኝ ልነግራት አፌን ከፈትኩ፤ ከዚያ ዘጋሁት። አንሶላውን ሰጥቻት ሄጄ ተቀመጥኩ።